መምህሩ ከርሞም ይኖራል ወይ? ሙዚቃና መንገድ ዳር የቀሩ ታዳጊዎች፦ ከአርሲ ደጋ የተነሣ ዳሰሳ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣ መንገደኛ ዴራን አልፎ ሙቀቱ ሲለቀው፣ ግራና ቀኙ ስንዴ ብቻ ሲሆንበት ኢተያ ደረሰ ማለት ነው። ኢተያ የሂጦሳ ወረዳ መቀመጫ ናት። የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በዚሁ መንገድ ላይ ወደ አሰላ ጠጋ ብሎ ይገኛል፤ አጨዳ ሲደርስ ኮምባይነር አስፋልቱን ይዞ ሲያዘግም ማየት እዚህ ብርቅ አይደለም። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ የታዳጊዎቿ ችግር ግን ከትልቅ ከተማ ልጆች ችግር አይተናነስም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱ የአገሪቱ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ቀሪው ልጅ ሁሉ የት ገባ? ኢተያን በመሰለ ከተማ መልሱን ለማግኘት ጥናት አያስፈልግም፤ ከሰዓት በኋላ ዋናውን መንገድ አንድ ጊዜ መሄድ ይበቃል። አንዱ የሰው ባጃጅ ይዟል፣ አንዱ የኮምባይነር ረዳት ሆኖ ወርዷል፣ አንዱ ጫት ቤት ተቀምጧል፣ ሌላው ፑል ቤት በር ላይ ቆሟል። ሴት ልጅ ስትሆን ደላላው ከፈተናው ውጤት ቀድሞ ቤቷ ይደርሳል፤ አርሲ ሴት ልጆቹ በብዛት ወደ ዓረብ አገር ከሚሄዱባቸው አካባቢዎች አንዱ ከሆነ ቆይቷል።

ለእንዲህ ያለ ልጅ ሙዚቃ ማስተማር ምን ይፈይዳል? ጥያቄው በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ “እንጀራ ለሌለው ልጅ ክራር?” ይላል። ሌላው ሙዚቃን ሱስ የሚያስጥል፣ ጠብ የሚያበርድ፣ የትምህርት ውጤት የሚያሻሽል የሁሉ በሽታ መድኃኒት ያደርገዋል። ሁለቱም ነገሩን ቀርበው ያዩት አይመስለኝም። ያለፈውን የመቶ ዓመት ታሪካችንንና በሌላው ዓለም የተሞከረውን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የሚታየኝ ሌላ ነው፦ ልጅን ይዞ ያቆየው ሁልጊዜም ከመሣሪያው ጀርባ ያለው ሰው ነው። ያ ሰው የሄደ ዕለት መሣሪያው ቢቀርም ልጁ ይበተናል።

ታሪኩ የሚጀምረው ወላጅ ባጡ ልጆች መሆኑ ራሱ የሚገርም ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም የነሐስ መሣሪያ የሚነፉ ልጆች አዩ። ልጆቹ በኦቶማን ግዛት ከደረሰው የአርመኖች እልቂት የተረፉ ነበሩ። አርባው ከገዳሙ ተፈቅደውላቸው በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ገቡ፤ ሕዝቡም “አርባ ልጆች” አላቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ለጻፈለት የመጀመሪያው ብሔራዊ መዝሙር ዜማ አወጡ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ወሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው። የአርባዎቹ ባንድ ዕድሜው አጭር ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ፈረሰ፣ ከልጆቹም ብዙዎቹ አገር ለቀው ሄዱ። ኬቮርክ ግን ቀሩ። በኋላም የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን መጥተው ከማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ጋር፣ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር እያሉ እ.ኤ.አ. በ1977 እስኪሞቱ ድረስ በዚህችው አገር አስተማሩ። ዘመናዊ ሙዚቃችን ሥር የያዘው ከአርባዎቹ ጥሩንባ ይልቅ በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች መቆየት ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ሙዚቃ ያስተማረው ወታደሩ ነው። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ምድር ጦር እያንዳንዳቸው ባንድና ኦርኬስትራ ነበራቸው። ማንም “ለአደጋ የተጋለጡ ወጣቶች ፕሮጀክት” ብሎ አልጠራቸውም፤ ሥራቸው ግን ያው ነበር። ማሕሙድ አሕመድ መርካቶ ተወልዶ ጫማ እየጠረገ ያደገ ልጅ ነው። አሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ፣ ዘፋኝ በጎደለበት አንድ ምሽት መድረክ ላይ ወጣ፤ ከዚያም ክብር ዘበኛ ገባ። ድሬዳዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ1947 የተወለደው ዓሊ ቢራ ደግሞ አሥራ ሦስት ዓመት ግድም ሲሆነው አፈረን ቀሎ የተባለው የኦሮሞ ወጣቶች የሙዚቃ ቡድን ተቀበለው፤ ቆይቶ እሱም በክብር ዘበኛ በኩል አልፏል። እነዚህ ቤቶች ለልጁ የሰጡት ዜማ ብቻ አይደለም። ደመወዝ ነበረ፣ ዩኒፎርም ነበረ፣ ጠዋት ልምምድ ነበረ፣ የቀረ ሰው የሚጠየቅበት አለቃ ነበረ። አገልጋይነቱ ለቤተ መንግሥትና ለሠራዊት መሆኑ አይካድም፤ ልጁ ግን ነገ የት እንደሚገኝ ይታወቅ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ለኢተያ የሚቀርበው የጥላሁን ገሠሠ ታሪክ ነው። ጥላሁን ያደገው ወሊሶ ነው፤ ያኔ ወሊሶም ዛሬ ኢተያ እንደሆነችው በመንገድ ዳር ያለች የገጠር ከተማ ነበረች። በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሳለ ልጁ ዘፈን እንደሚወድ አይተው ያበረታቱት የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ ሱዳናዊው ሚስተር ሸዳድ ነበሩ። የአገር ፍቅር ቴአትር ሰዎች ለትርዒት ወሊሶ ሲመጡ ልጁ አገኛቸው፤ በአሥራ አራት ዓመቱ ከቤት ጠፍቶ ወደ ቱሉ ቦሎ በእግሩ የሄደውም ያንን ተከትሎ ነው። የሚነገረው ሁልጊዜ የእግር መንገዱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ርእሰ መምህሩ ናቸው። ከሰው አገር መጥተው በአንዲት ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ሲመሩ፣ በአንድ ልጅ ድምፅ ላይ ጆሮ የጣሉት ሥራዬ ብሎ ያዘዛቸው ሳይኖር ነው።

የደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት ቡድን ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ስሙ ሲነሣ ብዙ ሰው መፈክሩን አስታውሶ ፊቱን ያዞራል፤ እውነትም ልጆቹ የሚዘፍኑት የታዘዙትን ነበር። ቢሆንም ጊታሩ፣ ከበሮው፣ ክራሩ የቀበሌው ንብረት ነበር፤ ድሀ ልጅ ሳይከፍል ይነካው ነበር። በ1980 ዓ.ም. ዓለምን የዞረው የ“ሕዝብ ለሕዝብ” ቡድን ያለ እንዲህ ያሉ የየክፍለ ሀገሩ ኪነቶች አይታሰብም ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ቡድኖቹ ተበተኑ። መሣሪያውን የቀበሌ መጋዘን አቧራ በላው። ጥፋቱ መፈክሩ ብቻ ነው ብለን እንዳናልፈው እሰጋለሁ፦ ቡድኑ የሥርዓቱ ስለነበር ከሥርዓቱ ጋር ሞተ፤ የሰፈሩ ቢሆን ኖሮ ሰፈሩ ያቆየው ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም የታዳጊዎች ሙዚቃ ቤት ግን አለን፦ የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ ትምህርት ቤት። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከወላጆቹ ርቆ ዜማ ሊማር ይሄዳል። ድጓን የሚሻ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕትን የሚሻ ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋምን የሚሻ ወደ ጎንደር። ሕይወቱ መራራ ነው፤ ቁራሽ ለምኖ ያድራል፣ ውሻ ይነክሰዋል። ይህን አምሮ እንዲቀርብልን አልሻም፤ ረኃብ የትምህርት ዘዴ ሊሆን አይገባም። የቤቱ አሠራር ግን ይመርመር። የኔታ ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም፤ ዐረፍ የሚሉት ሲሞቱ ነው። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ ስለዚህ አንድ መምህር ብዙ ልጅ ይይዛል። ልጁም ባጠና ቁጥር የሚያስጠናው ስላለው ራሱን እንደ ጠባቂ እንጂ እንደ ተመጽዋች አይቆጥርም። የአዝማሪውም ቤት እንዲሁ ነው፤ ጎንደር አጠገብ እንዳለችው ቡርቧክስ ባሉ የአዝማሪ መንደሮች ልጅ ማሲንቆን ከአባቱ ጉልበት ሥር ይቀበላል። አባት ደግሞ ፕሮጀክት ስላለቀ አይሄድም።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ “ልጅን በጥበብ መታደግ” በሚል ግልጽ ዓላማ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ በደንብ ሊጠና የሚገባው አዱኛ የተባለው የአዲስ አበባ ቡድን ነው። ሙዚቃ ሳይሆን ውዝዋዜ ነው፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። እንግሊዛዊው የውዝዋዜ አሠልጣኝ ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 በአዲስ አበባ፣ ጀሚኒ ከተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆነው፣ ከጎዳናና ከድሀ ቤተሰብ የመጡ ልጆችን ሰብስበው “ካርሚና ቡራና”ን አሠሩ። አንድ ትልቅ ትርዒት፣ ጭብጨባ፣ ፎቶ። ብዙ ድርጅት እዚህ ላይ ዘገባውን ጽፎ ይሄዳል። እዚህ ግን አሥራ ስምንት ወጣቶች ተመርጠው ለአምስት ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥልጠና ገቡ። አምስት ዓመት! ከእነዚያ መካከል ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ሮሌክስ በሚያዘጋጀው የጥበብ መምህርና ተማሪ መርሐ ግብር ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር እንዲማር ተመረጠ፤ በኋላም ከአዲሱ ደምሴ ጋር ደስቲኖ የተባለውን የውዝዋዜ ቡድን መሠረቱ፤ የተማሩትን ደግሞ ለሌሎች አስተማሩ። ማልዱም በበኩላቸው ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር 250 የበርሊን ተማሪዎችን ያስጨፈሩበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ዘጋቢ ፊልም ዓለም አየው። ዓለም በበርሊን ያደነቀው አሠራር ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ላይ ተሠርቶ እንደነበር የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው።

በዚሁ ዘመን የሆነ ሌላ ነገርም አለ፤ ቢመርም መነሣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው ሰርከስ ኢትዮጵያ ብዙ ልጆችን ከጎዳና አንሥቶ በዓለም መድረክ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 ግን አውስትራሊያ ለትርዒት ከሄዱት ወጣቶች አሥራ አምስቱ ጥገኝነት ጠየቁ፤ በልጅነታቸው ከአመራሩ በደል እንደደረሰባቸውም ተናገሩ። ልጁ ሌላ መሄጃ ሲያጣ መምህሩ በልጁ ላይ ያለው ሥልጣን ወሰን ያጣል። ስለዚህ “መምህሩ ይቆይ” ስል፣ ብቻውን ይቆይ ማለቴ አይደለም። በሩ የተከፈተ ክፍል፣ ሁለተኛ ትልቅ ሰው፣ ወላጅ ሳይጠራ የሚገባበት ሰዓት፣ ልጁ ቅሬታ የሚያሰማበት ከቡድኑ ውጪ ያለ ሰው፤ እነዚህ ካልተሟሉ ቤቱ ባይከፈት ይሻላል።

ስለ ውጪው ዓለም ሲወራ መጀመሪያ የሚጠራው የቬኔዝዌላው ኤል ሲስቴማ ነው። ሆሴ አንቶኒዮ አብሬዩ እ.ኤ.አ. በ1975 ካራካስ ውስጥ በጥቂት ወጣቶች ጀመሩት፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት ያሉት የኦርኬስትራ መረብ ሆነ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣና 2,914 ልጆችን በዕጣ ከፍሎ የተከታተለ ጥናት ያገኘው ውጤት መጠነኛ ነው፦ ራስን የመግዛት ችሎታ ትንሽ ተሻሽሏል፣ የጠባይ ችግርም በተለይ ጠብ በበዛበት አካባቢ በሚኖሩ ወንዶች ላይ ቀንሷል። በማሰብ ችሎታ ላይ ግን በጥቅሉ የታየ ለውጥ የለም። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ሌላ ቁጥር ነው። ለድሀ ልጆች ነው በሚባለው መርሐ ግብር ከተሳተፉት መካከል ድሀ የነበሩት 16.7 በመቶ ሲሆኑ፣ በነዚያው ክፍለ ግዛቶች የዚያ ዕድሜ ልጆች የድህነት መጠን 46.5 በመቶ ነበር። ደጁ ለሁሉ ክፍት ነው ሲባል ቀድሞ የሚገባው ወላጅ ያለው፣ ጫማ ያለው፣ ሰዓት ያለው ልጅ ነው። ኢተያ ላይ ምዝገባ ቢከፈት የመጀመሪያውን ሃያ ስም የሚሞሉት የመምህራንና የነጋዴ ልጆች እንደሚሆኑ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ሙዚቃ ሒሳብ ያሻሽላል፣ አእምሮ ያበለጽጋል የሚለውንም ቀስ ብለን እንየው። ሳላና ጎቤ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ወደ ሰባት ሺህ የሚጠጉ ልጆች የተሳተፉባቸውን 54 ጥናቶች ደምረው ሲመዝኑ፣ ጥናቱ በጥንቃቄ በተሠራ ቁጥር ውጤቱ ወደ ዜሮ እንደሚጠጋ አሳዩ። በሎስ አንጀለስ የወሮበላ ቡድኖች በሚንቀሳቀሱበት ሰፈር ያሉ ልጆችን የተከታተለው የኒና ክራውስ ጥናት ደግሞ አእምሮ የንግግር ድምፆችን የመለየት ኃይሉ እንደሚጠናከር አግኝቷል፤ ይህ የታየው ግን ሁለት ዓመት በተማሩት ላይ ነው፣ አንድ ዓመት የተማሩት ላይ አልታየም። የዳሰሳዬ ዋና ምሰሶ የሆነው ጥናት ከነጭራሹ ስለ ሙዚቃ አይደለም። ግሮስማንና ሮድስ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ “ታላቅ ወንድም” ወይም “ታላቅ እህት” ከሚባል በጎ ፈቃደኛ ጋር ስለተጣመሩ አሜሪካውያን ታዳጊዎች ነው። ጥምረቱ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየላቸው ተጠቀሙ። በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከበፊቱ ወረደ። ማለትም ጀምሮ የሄደ ረዳት ምንም ካላደረገው ይብሳል። ልጁ ቀድሞም የተተወ ነው፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ይተዋል።

ይህ ከሆነ፣ አርሲ መልሱን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልገውም። ከአሰላ ወደ ደቡብ ሲሄዱ የምትገኘው በቆጂ የምታውቀው ነገር ነው። የስፖርት መምህሩ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ፉጨት፣ ለአሥርት ዓመታት ጠዋት ጠዋት ቆሙ። በባርሴሎና ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ፣ በአትላንታ ማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በእጃቸው አልፈዋል። ስለ በቆጂ ሲወራ ከፍታው፣ አየሩ፣ ገብሱ ይነሣል። ከፍታ ሌላም ቦታ አለ፤ እዚያ የነበረው በየቀኑ የሚመጣ ሰው ነው። ከመቶ ልጅ አንዱ ብቻ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ሻምፒዮን ያልሆነውም የጠዋቱን ሥርዓት ይዞ ያድጋል። ዛሬ አሰላ ውስጥ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ፣ ወጣቶች አዳሪ ሆነው የሚሠለጥኑበት የአትሌቲክስ ማዕከል አለ። ሩጫ የሚችል የኢተያ ልጅ መንገዱ ይታየዋል። ክራር የሚችለው ልጅ የሚያየው ግን ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ነው፤ እሱም አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ ከፈተናው ማዶ።

ቴሌቪዥኑ ሌላ በር የከፈተ ይመስላል። ባላገሩ አይድልም ሆነ ፋና ላምሮት የገጠር ከተማ ልጆች በአገር ፊት እንዲዘፍኑ አድርገዋል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ውድድር ግን ይመርጣል እንጂ አያስተምርም። በመጀመሪያው ዙር የወደቀው ልጅ በዚያው አውቶቡስ ይመለሳል፤ ሲመለስ የሚቀበለው የሙዚቃ ክፍል የለም።

ታዲያ ኢተያ ላይ ምን አለ? ከሚታሰበው በላይ አለ። ሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን አሉት፣ ከበሮ አለው፣ ያሬዳዊ ዜማ የሚያስጠና ሰው አለው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ኪቦርድና ጊታር በነጻ የሚማር ልጅ ሞልቷል፤ በአገራችን ከተሞች ዛሬ ከሚጫወቱት ኪቦርዲስቶች ብዙዎቹ የወጡት ከዚያ ነው። የመድረሳው ልጆች ነሺዳና መንዙማ ያጠናሉ። ሦስቱም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፦ ሳምንታዊ ሰዓት፣ የማይሄድ ታላቅ፣ የሚሰማ ሕዝብ። ጫት ቤት የተቀመጠው ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ከሦስቱም ከወጣ ቆይቷል። እሱን ለማግኘት የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ ክፍል ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ በአርሲ ያሉ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች በባለ ክር መሣሪያ ላይ ቅሬታ ሊኖራቸው ይችላል። ከድምፅ፣ ከጭብጨባና ከድቤ የጀመረ ትምህርት ከማንም ጋር አይጋጭም፤ ማጥመድም አይሆንም፣ የትኛውም የሙዚቃ ትምህርት ቢሆን ከድምፅ ነውና መጀመር ያለበት።

ከዚያም የአገሩ የራሱ ሀብት አለ። የጀግንነት ዘፈኑን ጌራርሳን የሚያወርዱ ሽማግሌዎች አሉ፤ ከብትን የሚያወድሰው ፋሩ ሎኒ ከእረኝነት ጋር እየቀረ ቢሆንም የሚያውቁት ገና በሕይወት ናቸው። የአርሲ ሴቶች ሲንቄ የተባለውን በትራቸውን ይዘው አተቴ በተባለው የሴቶች ሥርዓት የሚያዜሙት ዜማ የትኛውም የሙዚቃ መጽሐፍ ሊሰጠው የማይችለው የቅብብል ትምህርት ነው። በመደበኛው ትምህርት ቤት የክወናና እይታ ጥበባት መጽሐፍ አለ፤ ክፍለ ጊዜውም በሰሌዳው ላይ ተጽፏል። ብዙ ቦታ የሚያስተምረው ግን ሌላ ትምህርት የተማረና ሰዓት እንዲሞላ የተሰጠው መምህር ነው፤ የክራር ሥዕል ሥሎ ያልፋል። አንዲት አዛውንት እናት በሳምንት አንድ ቀን ክፍል ገብተው ዜማ ቢያወርዱ ከዚያ ሥዕል ይበልጣል። ዲግሪ የላቸውም ብሎ የሚከለክል መመሪያ ካለ መመሪያው ይሻር።

ክራሩም ይምጣ፤ ከኪቦርድ ይልቅ ክራር የምመርጠው ለባህል ተቆርቁሬ ብቻ አይደለም። መብራት አይፈልግም፣ እንጨት ጠራቢው እዚሁ ይሠራዋል፣ ክሩ ሲበጠስ በርካሽ ይተካል። የመጀመሪያውን ትምህርት ብቻ ልብ ብሎ ያየ ሰው ቀሪውን ይረዳል። ስድስቱን ክር መቃኘት ራሱ የቡድን ሥራ ነው። መምህሩ አንድ ድምፅ ያወጣል፤ ልጁ መቃኛውን ያጠብቃል፣ ያልፈዋል፣ ያላላል፣ እንደገና ያጠብቃል። አጠገቡ ያለው ልጅ ሳይጠየቅ በአፍንጫው ያንጎራጉርለታል። ስድስተኛው ክር ከመጀመሪያው ጋር አንድ ድምፅ ሆኖ፣ አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን፣ ሲገጥም ሁሉም ቀና ይላሉ። ከዚያ ግርፍ ይመጣል። ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመታል፤ ጨዋታው ያለው ግራ እጅ ላይ ነው። ጣቶቹ ከክሮቹ በስተጀርባ ተደግፈው እንዲሰማ የማይፈለገውን ክር ይዘው ዝም ያሰኙታል፣ ተራው የደረሰውን ብቻ ይለቁታል። ቀኑን ሙሉ “ዝም በል” ሲባል የዋለ ልጅ፣ እዚህ ምን ዝም እንደሚል ምን እንደሚሰማ የሚወስነው እሱ ነው። ትዝታን በዚህ መልክ ለመምታት ወራት ይፈጃል። መፍጠኑ አይጠቅምም፤ የሚፈለገውም ልጁ እነዚያን ወራት እየተመላለሰ እንዲያሳልፍ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ይነገር። ሙዚቃ ራሱ አደጋም አለው። በመጠኑ የቻለ ልጅ መጀመሪያ ገንዘብ የሚያገኘው ሠርግ ላይና ሆቴል ውስጥ ነው፤ ሆቴሉ ደግሞ ሌሊት ነው፣ መጠጥ ነው፣ ክፍያው በጫት የሚተካበትም ጊዜ አለ። ከጫት ቤት ያወጣነውን ልጅ በሌላ በር መልሰን እንዳናስገባው የምሽት ሥራን የሚመለከት ስምምነት ከወላጅ ጋር ሊኖር ይገባል። ሙዚቀኛ መሆን የማይፈልገውም እንደ ወዳቂ መታየት የለበትም። ከዚህ ክፍል ወጥቶ ጥሩ የኮምባይነር ኦፕሬተር የሆነ ልጅ ክፍሉ ሠርቷል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ግን ልጁን ሙዚቃ ለመንፈግ ምክንያት አይሆንም። የአምቦው ዘፋኝ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት ሲቆይ ዘፈን የጻፈው እስር ቤት ውስጥ ነበር፤ “ሰኚ ሞቲ” የተባለው የመጀመሪያ አልበሙ ከተፈታ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ። ታዳጊ ልጅ ዘፈን ስንነፍገው ዘፈን አይተውም፤ የት እንደሚያገኘው ግን አናውቅም።

የገንዘቡ ጉዳይ ላይ ወረዳዎች ልማድ አላቸው። እንግዳ ሲመጣ የባህል ቡድን ይጠራል፤ ልብስ ይሰፋል፣ አበል ይከፈላል፣ በዓሉ ሲያልፍ ቡድኑ እስከሚቀጥለው እንግዳ ይረሳል። ብዙ ከተማ የወጣት ማዕከል አለው፤ ፑሉና ዲኤስቲቪው ደህና ነው፣ አንድ ክፍሉን ግን ለሙዚቃ መስጠት አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ቋሚ ደመወዝ ያለው አንድ ሰው ነው። ሂጦሳ ይህን መሸከም አይችልም የሚል ካለ፣ ወረዳው ከዚህ የከበደ ነገር እንደተሸከመ ላስታውሰው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በዋተርኤይድ እርዳታ ከተራራው ምንጭ ተጠልፎ 140 ኪሎ ሜትር በሚሆን ቧንቧ ሠላሳ አንድ ማኅበረሰቦችን ያጠጣው የሂጦሳ የውኃ ፕሮጀክት፣ በነዋሪዎቹ በተመረጡ ኮሚቴዎች በመተዳደሩ በዘርፉ ሰዎች ዘንድ በምሳሌነት ሲጠቀስ ቆይቷል። ቦኖ ላይ ሳንቲም ሰብስቦ ቧንቧ የሚያስጠግን ሕዝብ፣ ገንዘቡ የት እንደሚገባ እስካየ ድረስ የአንድ መምህር ደመወዝ አያቅተውም። ልዩነቱ ውኃ በቀረ ዕለት ሁሉም ይጮኻል፤ የሙዚቃ መምህር በቀረ ዕለት የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ውስጥ ከወላጅና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ሁለት ልጆች ይቀመጡ።

ሰዓቱን ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው እንዳያወጣው። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳ ነው፤ ያኔ ወንዶቹ ገንዘብ የሚያገኙበት ወቅት ስለሆነ ትምህርቱ ይቀንስ፣ የቀሩትንም “ጠፉ” ብሎ ከመዝገብ መሰረዝ አይገባም። ክረምቱ ግን ረጅም ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ዝናቡ ቤት ያስቀምጣል፤ ዋናው ሥራ ያኔ ነው። የሴቶቹ ሰዓት ለብቻው መታሰብ አለበት። ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የሚጀምር ትምህርት ለሴት ልጅ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ውኃው አለ፣ ወጡ አለ፣ ሲመሽ የመንገዱ ፍርሃት አለ። በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እንዳበቃ፣ በሴት መምህርት የሚሰጥ ቢሆን እናቶች አይከለክሉም። ያቺ መምህርት የአተቴውን ዜማ የምታውቅ የዚያው አገር ሴት ብትሆን ደግሞ፣ ደላላው ሲመጣ በቤቱ ውስጥ ልጅቷን የሚያውቅ፣ ስለ እሷ አንድ ቃል የሚናገር ሌላ ሰው ይኖራል።